ነጥቡን ማን ይይዛል?

ባለፈው ሰሞን ዕቃ ሳስተካክል ከአንድ አሮጌ ካርቶን ሥር ሁለት ነገር አገኘሁ፤ ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተርና ስያሜው ተልጦ ያለቀ ግራጫ የጌም ካሴት። ደብተሩን ገለጥኩት። የሒሳብ ደብተር ሆኖ ይጀምርና ከአምስተኛው ገጽ በኋላ ሒሳቡ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ገጽ በገጽ የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው የተደረደረው፤ ቢያነቡት ትርጉም የለውም። ጎን ጎኑ ላይ የታላቅ ወንድሜ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «ድልድዩን አልፎ፣ 3 ነፍስ»፤ «ይሄኛው አይሠራም»፤ «ዜሮ ነው እንጂ ኦ አይደለም!!»

ካሴቱ ደግሞ ደብተር የማያስፈልገው ዓይነት ነበር፤ የደረስንበትን ራሱ ያስታውሳል። ፈትቼ ሳየው አረንጓዴው ሰሌዳ ጥግ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ተበይዳለች። መለኪያ አስነካኋት፤ 2.6 ቮልት። አዲስ ስትሆን 3 ነች። እኔና ወንድሜ ያቆምንበት ቦታ፣ የሰበሰብነው ዕቃ፣ የከፈትነው በር ሁሉ ከአጠገቧ ባለችው ጥቁር ቺፕ ውስጥ፣ በዚህች ባትሪ ጭላጭ ከ25 ዓመት በላይ ኖሯል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ባትሪዋን ልቀይር ብል፣ አሮጌዋን በነቀልኩበት ቅጽበት ቺፑ ሁሉንም ይረሳል። ልተዋት ብል ደግሞ ቮልቱ ወደ 2 ሲጠጋ በራሷ ጊዜ ያልቅላታል። ለጊዜው ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

የጌም ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የጌም ማሽን) ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ምስሉ ነው። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበረ፣ ከዚያ ቀለም መጣ፣ ከዚያ ጥልቀት ያለው ዓለም መጣ፣ ዛሬ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ለመረዳት አንዱን ሥዕል ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ ማየት ይበቃል። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነጥቡን ማን ይይዛል? የደረስንበትን የሚያስታውሰው ማነው፤ እኛ፣ ማሽኑ ወይስ ሌላ? የ50 ዓመቱን ታሪክ በዚህ በኩል ሳየው ከለመድነው የተለየ ሆነብኝ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

የመጀመሪያው የቤት ኮንሶል ምንም አያስታውስም ነበር። ምንም ስል የምሬን ነው። ራልፍ ቤር በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ነው። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1966 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ፣ የመከላከያ ዕቃዎችን ለሚሠራው መሥሪያ ቤቱ፣ አራት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በየቤቱ ቴሌቪዥን ተቀምጧል፣ ሥራው የተላከለትን ማሳየት ብቻ ነው፤ ለምን ባለቤቱ ራሱ አያዘውም? ቢል ሃሪሰንና ቢል ረሽ ከሚባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለጥቂት ዓመታት ሲሞካክሩ ቆዩ። የመጨረሻውን ናሙና የእንጨት መልክ ባለው ተለጣፊ ወረቀት ስለሸፈኑት «ቡናማው ሣጥን» ተባለ። ማግናቮክስ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ወሰደውና በ1972 ኦዲሲ ብሎ ለገበያ አወጣው።

ኦዲሲ ፕሮሰሰር የለውም፣ ሚሞሪ የለውም፣ ድምፅም የለውም። ጥቂት ደርዘን ትራንዚስተሮችና ዳዮዶች ተጋግዘው ስክሪኑ ላይ ሦስት ነጭ ነጥብና አንድ ቋሚ መስመር ያወጣሉ፤ በቃ። ሜዳው፣ መንገዱ፣ ሙታን መንፈስ ያለበት ቤት የሚባለው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ከሚለጠፍ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው የሚመጣው። ቴሌቪዥኑ ትልቅም ትንሽም ሊሆን ስለሚችል ፕላስቲኩ በሁለት መጠን ተዘጋጅቷል። ከሣጥኑ ጋር ዳይስ፣ ካርታና የጨዋታ ገንዘብ ይመጣል። ማሽኑ ላይ የሚሰኩት ካርዶችም ቢሆኑ ፕሮግራም የለባቸውም፤ የውስጡን መስመር አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ከማገናኘት ያለፈ ሥራ አይሠሩም። ስለዚህ ነጥብ የሚቆጥረው ተጫዋቹ ነው፤ ሕጉን የሚያስከብረው ተጫዋቹ ነው፤ ያጭበረበረ ካለም የሚከራከረው ያው ተጫዋቹ ነው። 350,000 ያህል ተሸጠ። ዛሬ ሰዎች ኦዲሲን ሲያዩ ይስቃሉ፤ እኔን ግን ያስቀናኛል። ግማሹ ጨዋታ ማሽኑ ውስጥ፣ ግማሹ ሶፋው ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት አላን አልኮርን ለአታሪ ኩባንያ ፖንግ የተባለውን የጠረጴዛ ቴኒስ ጌም ሠራ። የአታሪው ኖላን ቡሽኔል ቀደም ብሎ ኦዲሲን በማሳያ ዝግጅት ላይ አይቶት ነበርና ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 በስምምነት አለቀ። የፖንግ የቤት ሞዴል በ1975 ወጣ፤ ሲርስ የተባለው የመደብር ሰንሰለት ለገና 150,000 አዘዘ። ስለ ፖንግ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው ከላይ ባሉት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። ማሽኑ ቆጠረ። ክርክሩ አለቀ። ሲጠፋ ግን ቁጥሮቹም አብረው ይጠፋሉ፤ «ትናንት አሸንፌህ ነበር» ለሚል ሰው ምስክር የለውም።

እስከዚያ ድረስ ማሽን መግዛት ማለት ውስጡ ያለውን ጨዋታ መግዛት ማለት ነበር፤ ጨዋታው ሲሰለች ማሽኑም ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ይህንን የለወጠው በ1976 መጨረሻ የወጣው የፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ ነው። ሐሳቡ ዋላስ ኪርሽነርና ሎረንስ ሃስከል ከሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች የመጣ ሲሆን፣ በልጅ እጅ ተገፍቶ የሚገባ ዕቃ እንዲሆን ያደረገው ግን በጄሪ ላውሰን የሚመራው ቡድን ነው። ላውሰን በዚያ ዘመን በሙያው ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ ነበር። ከባዱ ሥራ ኮምፒውተሩ አልነበረም። እስከዚያን ቀን ተበይዶ ይቀመጥ የነበረ ቺፕ አሁን በቀን አሥር ጊዜ ሊነቀልና ሊሰካ ነው፤ መገናኛው እንዳይሰበር፣ ከእጅ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ብልጭታም እንዳይገድለው ሆኖ መሠራት ነበረበት። ካሴት እንዲህ ነው የተወለደው። ሌላም ነገር ነበረው፤ ጨዋታውን ባለበት የሚያቆም ቁልፍ። ተነስቶ በር ለመክፈት የሚያስችል፣ አጭር ትዝታ። ላውሰን ለዚህ ሥራው በሙያ አጋሮቹ የተመሰገነው በ2011 ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ አረፈ።

አታሪ 2600 በ1977 ሲወጣ የሥራ ሚሞሪው 128 ባይት ነበር። ኪሎ የለውም፣ ሜጋ የለውም፤ ባዶ ባይት። የኛ ፊደል ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 128 ባይት ውስጥ የሚገቡት 42 ፊደሎች ናቸው። አሁን ያነበባችሁት ዓረፍተ ነገር እንኳ አይገባም። በዚህ ውስጥ የተጫዋቹ ቦታ፣ የጠላቶቹ ቦታ፣ ነጥቡና የቀረው ነፍስ ሁሉ መቀመጥ አለበት።

ምስሉስ? ለምስሉ የሚሆን ሚሞሪ ጭራሽ የለም። የድሮ ቴሌቪዥን ከኋላው የሚተኩስ ጨረር አለው፤ ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር እየጠረገ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ሌላ ማሽን ቢሆን ሥዕሉን ሚሞሪ ላይ ጨርሶ ያስቀምጥና ይልከዋል። አታሪ ግን ያን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ፕሮግራሙ ጨረሩ በሚደርስበት ቅጽበት የዚያን መስመር ቀለም መወሰን ነበረበት። ለአንድ መስመር ያለው ጊዜ 76 የፕሮሰሰር ምት ነው። ጨረሩ አይጠብቅም፤ የዘገየ ፕሮግራም ሥዕሉ ይበላሻል። ነጥብ መቁጠር፣ ጆይስቲኩን ማንበብ፣ ግጭት መፍረድ የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ጨረሩ ከታች ጨርሶ ወደ ላይ እስኪመለስ ባለችው ክፍተት ውስጥ ነው። እነዚያ ፕሮግራመሮች ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሁሉ ይበልጡብኛል፤ ባይስማማ የሚችል ይኖራል፣ ይከራከረኝ።

ፒትፎል የተባለውን የዴቪድ ክሬን ጌም ብቻ ልጥቀስ፤ 1982። ሰውዬው ጫካ ውስጥ ይሮጣል፣ በገመድ ይወዛወዛል፣ አዞ ይዘላል፤ ጫካው 255 ስክሪን ነው። ካሴቱ በሙሉ 4 ኪሎባይት ሆኖ ይህን ሁሉ የት አስቀመጠው? አላስቀመጠውም። ከአንድ ቁጥር ተነስቶ ቀጣዩን ቁጥር የሚያወጣ ትንሽ የስሌት ዘዴ አለ፤ ከቁጥሩ ውስጥ ጉድጓዱ የት እንደሆነ፣ ዛፉ ምን እንደሚመስል ይነበባል። ወደ ኋላ ሲመለሱም ስሌቱ ወደ ኋላ ይዞራል። ጫካው የተጻፈበት ቦታ የለም፤ በደረስን ቁጥር እንደ አዲስ ይሰላል። ማስታወስ ያልቻለ ማሽን በማስላት ተካው።

ነጥቡ ግን ሲጠፋ ይጠፋል። ጌሙን ያወጣው አክቲቪዥን ለዚህም መላ ነበረው። ከ20,000 ነጥብ በላይ ያገኘ ሰው የቴሌቪዥኑን ስክሪን ፎቶ አንስቶ በፖስታ ይልክላቸዋል፤ እነሱ ልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ዓርማ ይመልሱለታል። እስኪ አስቡት፤ ክፍሉን አጨልሞ፣ ስክሪኑ ላይ ካሜራ ደግኖ፣ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሽ ውጦ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣም ሥዕሉ ወጥቶ እንደሆን አይታወቅም። አክቲቪዥንን የመሠረቱት ደግሞ ስማችን ጌሙ ላይ አይጻፍም ብለው አታሪን ጥለው የወጡ ፕሮግራመሮች ነበሩ። የአታሪው ዋረን ሮቢኔት ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ አድቬንቸር የተባለው ጌሙ ውስጥ በዓይን የማትታይ የምትመስል ነጥብ ያገኘ ብቻ የሚገባበት ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ጻፈ። አለቆቹ ያወቁት ካሴቱ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ከዚያ ኪሳራው መጣ። በ1983 የአሜሪካ ገበያ በማይረባ ካሴት ተጥለቀለቀና ወደቀ። ኢቲ የተባለው ፊልም ጌም በአምስት ሳምንት ገደማ ተሠርቶ ወጥቶ ነበር፤ እሱና ሌሎች ያልተሸጡ የአታሪ ካሴቶች በጭነት መኪና ተወስደው ኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ በሚገኝ ቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ። ብዙ ሰው ተረት ነው ሲል ኖሮ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። አፈሩ ከኩባንያው የተሻለ አስታዋሽ ሆነ ማለት ነው።

ኔንቲዶ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመ ድርጅት ነው። ማሳዩኪ ኡኤሙራ ሥራውን የመራው ፋሚኮም የተባለ ኮንሶሉ በጁላይ 1983 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ ገበያው አሜሪካ ላይ በሚቀበርበት ዓመት መሆኑ ነው። በ1985 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ነጋዴው «ቪዲዮ ጌም» የሚል ቃል መስማት አይፈልግም ነበርና ማሽኑን የቪዲዮ ማጫወቻ አስመሰሉት፤ ካሴቱ ከፊት ይገባል፣ ወደ ታች ተጫን ይደረጋል። ትንሽ ሮቦትም አብሮ ይሸጥ ነበር፤ ከጌም ይልቅ መጫወቻ እንዲመስል ነው እንጂ ለሌላ ብዙም አልጠቀመም። የኔንቲዶው ጉንፔ ዮኮይ ለትንንሽ የእጅ ጌሞች የፈጠረው የመስቀል ቅርጽ ቁልፍም በዚህ ማሽን ጆይስቲክ ላይ ዓለምን ዞረ። እስከዛሬም የግራ አውራ ጣታችን ሥር ነው።

ያ ከፊት የሚገባ አሠራር ለመልክ እንጂ ለዕድሜ አልሆነም። መገናኛዎቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። ውስጡ ደግሞ ካሴቱ የተፈቀደ መሆኑን የሚጠይቅ የቁልፍ ቺፕ ስላለ፣ ግንኙነቱ ትንሽ ከተዛባ ማሽኑ ደጋግሞ እየጠፋ ይነሳል፤ መብራቱ ጭልጭል ይላል። እና ሁሉም ልጅ፣ የትም ሀገር፣ ማንም ሳያስተምረው ካሴቱን አውጥቶ እፍ አለበት። እኔም በዚያው መንገድ የተሠራ ስም የለሽ ቅጂ ማሽናችን ላይ ስንት ዓመት እፍ ብያለሁ። ኋላ ሳነብ እፍታው ምንም እንዳልጠቀመ አወቅኩ፤ የሠራው ነቅሎ መሰካቱ ነው። ትንፋሽ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዲያውም ብረቱን ያዝጋል። ኩባንያው ራሱ ካሴቶቹን እፍ አትበሉ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ማን ሰምቶት!

አሁን ወደ ደብተሩ። ጌሞች እየረዘሙ መጡ። አንድ ከሰዓት በኋላ የማያልቅ ጨዋታ ከተሠራ፣ ሰው ተኝቶ ተነስቶ ካቆመበት መቀጠል አለበት፤ ካሴት ላይ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። መፍትሔው ፓስዎርድ ሆነ። በርቀት ሲታይ ሚስጥራዊ ቃል ይመስላል እንጂ፣ ፓስዎርድ ማለት የጨዋታው ሁኔታ ራሱ ነው። ይህ በር ተከፍቷል፣ ያኛው ተዘግቷል፣ ይህን ያህል ጥይት አለ፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፣ ቁጥሩ ይተረማመሳል፣ ትክክለኛነቱን የሚመሰክር ማረጋገጫ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በፊደል ተመንዝሮ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሜትሮይድ የተባለው ጌም ፓስዎርድ 24 ፊደል ነው። ጃፓኖች ድራገን ክዌስት በተባለው ጌም ላይ «የትንሣኤ ድግምት» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ በ1987 የወጣው ሁለተኛው ክፍል እስከ 52 ፊደል ይደርስ ነበር። አንዷን ፊደል ያሳሳተ ትንሣኤ የለውም።

ማሽኑ ስላልቻለ ሥራውን ለእኛ መለሰልን ማለት ነው። የደብተሩ ገጾች የጌሙ ሚሞሪ ነበሩ። ወንድሜ ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ እኔ አነብበታለሁ፣ እሱ ያስተያያል። በኛ የደብዛዛ ቴሌቪዥን ዜሮና ኦ አንድ ናቸው፣ አምስትና ኤስ አንድ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት የጻፍኩት አልሠራ ብሎ ሁለት ቀን የተለፋበት ጠፋ። እናታችን «ለትምህርታችሁ እንዲህ ብትተጉ» ያለችው ያን ጊዜ ነው፤ እውነቷን ነበር፣ በዚያ ዓመት እንደዚያ ተጠንቅቄ የገለበጥኩት የትምህርት ማስታወሻ የለም።

ባትሪ ያለው ካሴት የመጣው በዚህ ድካም ላይ ነው። ዜልዳ የተባለው የኔንቲዶ ጌም ካሴት በ1987 አሜሪካ ሲገባ ውስጡ ባትሪ ነበረው፤ ስም ይጻፋል፣ ሦስት ሰው ሦስት ቦታ ይይዛል። ከማጥፋት በፊት ሪሴት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ፕሮሰሰሩ በድንጋጤ የማይረባ ነገር ሚሞሪው ላይ እንዳይጽፍ ነው። የኛም ግራጫ ካሴት ያንን ይፈልግ ነበር። «ሪሴቱን ሳትለቅ አጥፋ!» የሚለው የወንድሜ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሶኒና ኔንቲዶ የተጣሉበትን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው፤ ደጋግሞ ተነግሯል። ኬን ኩታራጊ የሶኒ መሐንዲስ ሳለ ለሱፐር ኔንቲዶ የድምፅ ቺፕ ሠርቶ ነበር። በ1991 ቺካጎ ላይ ሶኒ ከኔንቲዶ ጋር የሲዲ ማሽን እንደሚሠራ ባስታወቀ ማግሥት፣ ኔንቲዶ ከፊሊፕስ ጋር ተስማምቻለሁ ብሎ በአደባባይ አሳፈረው። የቁጭቱ ልጅ ፕሌይስቴሽን ሆነ፤ ዲሴምበር 1994። ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ሲዲ 650 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በጊዜው ትልልቆቹ የኔንቲዶ 64 ካሴቶች 64 ሜጋባይት ነበሩ። ግን ሲዲ ተነባቢ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ስለዚህ ትዝታው ከጌሙ ተለይቶ ለብቻው ወጣ፦ ሚሞሪ ካርድ። 128 ኪሎባይት፣ 15 ሣጥን፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ። ለኛ ቤት ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ነው። ያሳለፍኩት ጊዜ ኪሴ ውስጥ ይገባል፤ ጓደኛዬ ቤት ይዤው እሄዳለሁ፤ የሱ ማሽን ላይ ስሰካው እኔ እዚያ አለሁ። በ1998 በወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ ሳይኮ ማንቲስ የሚባል ጠላት አለ፤ አእምሮህን አነባለሁ ይልና ከዚህ በፊት የትኞቹን ጌሞች እንደተጫወትን ይነግረናል። ሚሞሪ ካርዱን ነው የሚያነበው። በጊዜው ግን ፀጉር ያቆም ነበር። ከጌም ተንኮል ሁሉ የዚህን ያህል የወደድኩት የለም፤ ማሽኑ የያዘልንን መልሶ እኛ ላይ ሲጠቀምበት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበርና።

15ቱ ሣጥን ቶሎ ይሞላል። አንድ ማታ አዲስ ጌም ይዤ መጥቼ ቦታ አጣሁ። ዝርዝሩን ሳየው አንዱ የወንድሜ ነው፤ ብዙ ጊዜ አልነካውም። ወይም እንዳልነካው ለራሴ ነገርኩት። «ይጥፋ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። ከ40 ሰዓት በላይ የተጫወተው፣ ሊጨርስ አንድ ምዕራፍ የቀረው ነበር። አልተቆጣኝም። ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ፤ ያን ጌም ዳግመኛ አልጀመረውም። ከዚያ ወዲህ አብረን የተጫወትንባቸው ቀናትም እየሳሱ ሄዱ፤ በዚያ ምክንያት ይሁን በዕድሜ፣ እሱም እኔም አንስተን አናውቅም።

ቀጥሎ ያለው ዘመን በዚህ ጥያቄ በኩል ብዙ አያስኬደኝም። የሴጋ ድሪምካስት ሚሞሪ ካርድ የራሱ ትንሽ ስክሪን ነበረው፣ ብቻውንም ያጫውታል፤ እንዲህ ዓይነት ማሽን ለምን እንደሚሸነፍ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሴጋ በ2001 ከኮንሶል ወጣ። ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ እስከዛሬ አንደኛ ነው። ማይክሮሶፍት በ2001 ኤክስቦክስን ከ8 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ጋር ሲያወጣ የቦታ ጭቅጭቅ አከተመ። ከዓመት በኋላ በኢንተርኔት መጫወት ሲጨመርበት ግን ትዝታው ከሳሎን የሚወጣበት በር ተከፈተ።

ዛሬ ያለንበትን ተመልከቱ። የደረስኩበት ቦታ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ይህን ላማው አልችልም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ማሽኔ ተበላሽቶ በአዲስ ብተካው፣ ስሜን አስገብቼ ኢሜይሌን ባረጋገጥኩ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም በቦታው ነበር። ደብተር የለ፣ ባትሪ የለ፣ የሚያጠፋ ታናሽ ወንድም የለ። ግን ከትዝታው ጋር ጌሙም አብሮ ሄዷል። በ2013 ማይክሮሶፍት አዲሱ ኤክስቦክስ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ፈቃድ ማረጋገጥ እንዳለበት አስታወቀ። ሶኒ መልስ የሰጠው ግማሽ ደቂቃ በማትሞላ ቪዲዮ ነው፤ «ጌም ለጓደኛ የሚዋስበት መንገድ» ትላለች፣ አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ያቀብለዋል፣ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ አለቀ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ሰረዘ። ያኔ እኔም ከሳቁት ነበርኩ። ቆይቶ ግን ያ የተሳቀበት ነገር በሌላ በር፣ ማንም ሳይጮህ ገባ። ከ2020ዎቹ ማሽኖች ዲስክ ማስገቢያ የሌላቸው አሉ፤ እኔም ሳልገደድ፣ ሰንፌ፣ ዲስክ መግዛት አቁሜያለሁ።

በማርች 2023 ኔንቲዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ የተባሉት ማሽኖቹን የኢንተርኔት መደብሮች ለግዢ ዘጋ፤ እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞች በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ቦታ አጡ። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ታሪክን ለማቆየት የተቋቋመው ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። እኔም ሙሉ ክረምት የተጫወትኩት አንድ ጌም ነበረ፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ከነነጥቤ ሄደ። ስገባ «ግንኙነት አልተገኘም» ይለኛል። የማንንም ካሴት እፍ ብዬ አላስነሳውም።

ወደ ባትሪዋ ልመለስ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካሴት ውስጥ ያለውን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ትንሽ መሣሪያ አገኘሁ። ካሴቱን ሰካሁት፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። የመጣው ፋይል 8,192 ባይት ነው፤ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ከሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስማችንን ፈለግኩበት፤ የለም። ቀኝና ግራ ስዞር ቆይቼ ነው ጌሙ ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር እንደሚጽፍ ያወቅኩት፤ ኤ 10 ነው፣ ቢ 11፣ እያለ ይሄዳል። በዚያ ቁጥር ስፈልገው ወዲያው ወጣ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ወንድሜ፣ ቀጥሎ እኔ።

ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀመጥኩ። አሮጌዋን ባትሪ ነቀልኩ፣ አዲስ በየድኩ፣ ፋይሉን ወደ ቺፑ መለስኩ፣ ማሽኑን አበራሁና ስልክ ደወልኩለት።

«ያ ግራጫው ካሴት ትዝ ይልሃል? አሁን ከፊቴ ተከፍቷል።»

ዝም አለ። ከዚያ «የኔን አጥፍተህ ነው?» አለኝ።

«አላጠፋሁም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነህ።»

«ስንት ልብ አለኝ?»

ነፍሱን የሚለኩትን ትንንሽ ልቦች ቆጠርኩለት። «ስምንት።»

«አሥር ነበር።»

«ማሽኑ ስምንት ነው የሚለው።»

«እኔ ነኝ የተጫወትኩት እኮ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አሥር ነበር።»